ሰባት ቅርጫት ፌጦ

ጦርነቱ በታወጀ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ውርጩ የጓሮውን አፈር አንጥቶት ሳለ፣ በታላቁ ግቢ ጋጣ የነበሩት ሃያ ሁለት ፈረሶች በአዋጅ ተወስደው ወደ ተራራው በር ዘመቱ፤ ባልደራሱም አብሯቸው ዘመተ። ሚስቱ የዚያው ግቢ አትክልተኛ ነበረች፤ የመጨረሻው ፈረስ ጭራ ከበሩ እስኪሰወር ድረስ ባዶውን የፋንድያ ጋሪ ተደግፋ ቆመች።

ፈረስና ሰላጣ ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ በግቢው የነበሩት መኳንንትም አያውቁትም ነበር። ባልደራሱ በየማለዳው ገና የሚያጨሰውን ፋንድያ ከነጭዱ በጋሪ ያመጣል፤ እርሷ በጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበት ድረስ ትጠቀጥቀዋለች፤ በላዩ አራት ጣት የተነፋ አፈር፣ ከአፈሩም በላይ አሮጌ የመስኮት መስታወት ታደርግበታለች። ከዚያ ወዲያ ውጭው በብርድ ሲጨማደድ፣ መስታወቱ ሥር ሰላጣው እንደ ልቡ ያድጋል። ሙቀቱን የሚለካው ባልደራሱ ነበር፤ ክንዱን እስከ ክርኑ ቀብሮ ጥቂት ያስብና «አሁን ዝሪ» ወይም «ገና ነው፣ ያቃጥላል» ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እርሷ ክንዷን ሰድዳ አታውቅም፤ ፊቱን ማየት ይበቃት ነበር።

እርሱ በሄደ በሁለት ሳምንት ውስጥ መደቡ ቀዘቀዘ፤ ሰላጣውም ጠወለገ። ናፈቃት፤ እንዲያው ናፈቃት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው እንጂ፣ «ሳትታጠብ ወደ ቤት አትግባብኝ» እያለች ስትጨቀጭቅበት የኖረችውን የፈረስ ሽታ ፍለጋ ወደ ባዶው ጋጣ ትገባ ጀመር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ የጦሩ ስንቅ ሹም፣ አንድ ቀጭን ሻምበል፣ ወደ ግቢው መጣ።

«የግቢው አትክልተኛ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«በተራራው በር የሰፈረው ጦር ድዱ እየደማ፣ ጥርሱ እየተነቃነቀ ነው። ሐኪሙ ለምለም ቅጠል ካላገኙ አይነሡም አለ። ይህ ግቢ በብርድ ወራት ሳይቀር ያበቅላል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ያበቅል ነበር፤ ማሞቂያውን ወሰዳችሁት እንጂ።»

«ምን ማሞቂያ?»

«ፈረሶቹን ነዋ!»

ሻምበሉ ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። «ፈረስ አልመልስልዎትም፤ ጥር ሳይጋመስ ሰባት ቅርጫት ካደረሱልኝ ግን ከፈረስ ጠባቂዎቹ አንድ ሰው ወደ ግቢው እንዲመለስ አስፈርማለሁ። ማንን እንደሚሉ አላጣሁትም።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

በዚያው ቀን የበጉን በጠጥና የዶሮውን ኩስ ከጭድ ጋር ደባልቃ ጉድጓዱን ሞላች። በሦስተኛው ቀን መደቡ ጨሰ፤ ክንዷን ብትሰድድ ፈጃትና ቶሎ አወጣች። ገና መሆኑን አላጣችውም፤ ሌላ ሳምንት ሊቆይ ይገባ ነበር። ነገር ግን እስከ ጥር የቀሩትን ቀናት በጣቷ ቆጠረች፤ አንዱ ሳምንት ባሏን የሚያስቀርባት መስሎ ታያት፤ ያላትን የሰላጣ ዘር ሁሉ ዘራችው። በስድስተኛው ቀን መስታወቱን ስታነሣ የበቀለው ቡቃያ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ሆኖ ተኝቷል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ዶሮዎቹንም ከነዘር ማንዘራቸው ረገመቻቸው።

የማድ ቤቱ አለቃ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። ጨው ላይ እጇ ስለሚከብድ ግቢው ሁሉ ጨዌ ይላታል፤ ራሷም ስሟን የረሳችው ይመስላል።

«ተነሺ እባክሽ፣ ወገብሽን ይዞሽ ልታስቸግሪኝ ነው። ዶሮዎቹስ ምን አጠፉ? ያላቸውን ሰጡሽ።»

«ዘሩን ጨረስኩት እኮ፣ እህቴ! አንድ ፍሬ የለኝም። ባሌን በምን ላመጣው ነው?»

ጨዌ እየጎተተች ወደ ማድ ቤት አስገባቻት። የብርዱ ስንቅ እንደ ወጉ ተሰናድቷል፤ ካሮቱ በአሸዋ ሣጥን ተቀብሯል፤ ሽንኩርቱ ተጎንጉኖ ከጣራው ተንጠልጥሏል፤ ጥቅል ጎመኑ ከነሥሩ ቁልቁል ተሰቅሏል፤ ድንቹ ብርሃን እንዳያየው ጥግ ላይ በጆንያ ተሸፍኗል። የሚበላ ሞልቷል፤ ሐኪሙ የጠየቀው ዓይነት ለምለም ግን አንድ ቅጠል የለም። አትክልተኛዋ ዓይኗን ስታንከራትት ከዳቦው ምድጃ አጠገብ አንድ ሳህን ላይ አረፈባት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ተይው፣ አታሳፍሪኝ! ለሆዴ ብዬ ፌጦ ዘፍዝፌ ረሳሁት፤ ሣር ሆኖ ጠበቀኝ። ልደፋው ነው።»

አትክልተኛዋ ከቡቃያው ቆንጥራ አፏ ውስጥ ጨመረች። አፍንጫዋ ድረስ አቃጠላት፤ እንባዋ በዚያው ላይ መጣ።

«ስንት ፌጦ አለሽ?»

«አንድ ስልቻ ሙሉ። ደግሞ ለሆድ ቁርጠት እንጂ...»

«ጆንያ አምጪ። ያለሽን ጆንያ ሁሉ አምጪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማድ ቤቱ መስክ ሆነ። ጆንያው በለብታ ውኃ ርሶ በየመደርደሪያው፣ በየሰሌኑና በቡሃቃ ክዳን ላይ ሳይቀር ተነጠፈ፤ ፌጦው ተበተነበት፤ በቀን ሦስት ጊዜ በእፍኝ ውኃ ይረጫል፤ ለምድጃው የቀረበው ከራቀው ጋር ቦታ ይለዋወጣል። በስምንት በዘጠኝ ቀን ጣት ያህል ይቆምና በመቀስ ይታጨዳል። ጨዌ «ድስቴን ፍለጋ ሣር ልገልጥ ነው እንግዲህ!» እያለች ታጉረመርም ነበር፤ ውኃውን መርጨት ግን ከእርሷ የሚቀድም አልነበረም። ጥር በባተ በአሥረኛው ቀን ሰባተኛው ቅርጫት ተጫነ።

አትክልተኛዋ የባሏን ካፖርት አራግፋ ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ አስገባችው፤ በማግሥቱ ደግሞ አሰጣችው። ጥር እንዲህ አለቀ።

የካቲት በገባ በሰባተኛው ቀን ሻምበሉ መጣ፤ ከፈረሱ ወርዶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ወደ ማድ ቤቱ ገባ።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ እመቤት። ትእዛዙ ይኸው፤ ፊርማውም ማኅተሙም አለበት።»

«እሱስ የት አለ?»

ሻምበሉ መሬት መሬት አየ። «ጦሩ ዳነ። ሐኪሙ ራሱ ነው የተገረመ። ታመው ቢቆዩ ኖሮ በዚህ ወር ወደ ኋላ ተመልሰው በሌላ ሊተኩ ነበር፤ አዛዡ ግን በእግራቸው ቆመው ቢያያቸው ወንዙን ተሻገሩ አላቸው። ወረቀቱ ሲደርስ ተሻግረዋል፤ ወንዙን የተሻገረ ደግሞ ዘመቻው ሳያልቅ አይመለስም ተብሏል።»

«ባይድኑ ኖሮ ይመጣ ነበር?»

ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም። «ይመጣ ነበር።»

ቀጥሎ የሚናገረው ስላሳፈረው ነው መሰለኝ፣ ሻምበሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከወንዙ ማዶም ለምለም ቅጠል የለም፤ ሌላ ሰባት ቅርጫት እንዲላክ ታዟል።

ጨዌ ጭልፋዋን ጣለች። «አሁንስ በዛ! አንዲት ቅጠል እንዳትሰጪው! ይታመሙና ይመለሱ!»

አትክልተኛዋ ወረቀቱን አጥፋ ከደረቷ ሸጎጠች።

«እሱም እኮ ከሚበሉት አንዱ ነው፣ እህቴ። ጥርሱ ረግፎ ይምጣልኝ ብዬ ልጸልይ? ተይ... ጆንያውን አርጥቢ።»

ውርጩ እስኪያበቃ በየሳምንቱ ላከች። እያንዳንዱ ቅርጫት ለባሏ ጉልበት እንደሚሆነው፣ በዚያም ጉልበት አንድ ቀን መንገድ ከእርሷ እንደሚርቅበት ታውቅ ነበር፤ አንዳንድ ቀንም መቀሱን እንደያዘች ቆማ ትቀራለች፤ ኋላ ግን ታጭዳለች። ባልደራሱ በዚያ ዓመት አልመጣም፤ በሚቀጥለውም አልመጣም።

የዘመኑ ዜና መዋዕል ለዚያ ወንዝ መሻገር አራት ገጽ ሰጥቷል፤ የውኃው ጥልቀት፣ የሰንደቁ ቀለም፣ አዛዡ አደረገው የተባለው ረጅም ንግግርም አለበት። ደዌው በአምላክ ቸርነት ከጦሩ ራቀ ይላል፤ በቸርነቱ እኔም አልከራከርም። ጦሩ ከተራራው በር ተነሥቶ ስንት ቀን መንገድ እንደራቀም ለክቶ ጽፏል፤ ከማን እንደራቀ ግን አልጻፈም።