የቀበሌው ስም ጥሪ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ...

ዘመኑ ደርግ፣ ዓመቱ 1972፣ ቀኑ እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ቦታው አዋሳ፣ ከመናኸሪያ ዝቅ ብሎ ያለው የቀበሌያችን አዳራሽ።

ያኔ እሑድ እሑድ ስብሰባ ላይ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች ስም ይጠራል። ባለቤቴ ወርቅነሽ ፊደል ለመቁጠር ጓጉታ ነበር። እኔ ግን ቤት ቆልፌባት እመጣና ስሟ ሲጠራ ተነሥቼ «ታማለች» እላለሁ።

ውሸቴን ነው። ጉንፋን እንኳ አልነካትም። የሰፈሩ አባወራ ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚያደርገው።

የዚያን ዕለት ስነቃ ወርቅነሽ የለችም። በንዴት ጦፌ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ።

ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ብቻ ናቸው።

ወንዶቹ ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል...

ጎረቤቴን በላይነህን ጠጋ ብዬ «ምንድን ነው ነገሩ?» አልኩት በሹክሹክታ።

አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣውም።

በሊቀመንበራችን ቦታ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ መዝገብ ዘርግታለች።

«ጓድ በላይነህ!»

ሚስቱ ሸዋዬ ብድግ አለች። «ታሟል።»

ሴትዮዋ ጻፈች። ወዲያው በላይነህ ላብ በላብ ሆነ... ግድግዳውን ታክኮ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።



«ጓድ ገብረየስ!»

«አለሁ!» ልል ስል እኔም ድምፄ አልወጣ አለኝ። ወርቅነሽ ዞራ አየችኝ። በእጄ ለመንኳት። እንዳትዪ... በእናትሽ...

ዓይኗ እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

«ታሟል» አለች።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አልጋዬን ነው። ሰውነቴ እሳት ሆኗል። ስንት ቀን እንደተኛሁ አላውቅም። በሚቀጥለው ይሁን በሌላ እሑድ፣ ወርቅነሽ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ጋቢዬን አስተካከለችልኝ።

«ለራስህ ብዬ ነው፣ ገብሬ» አለችኝ ቀስ ብላ። በሩን ከውጭ ቆለፈችው።

እየተንፏቀቅሁ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ያልፋሉ። ቀና ስል...

እስከ ሐይቁ ድረስ፣ በየቤቱ መስኮት ላይ አንድ አንድ ወንድ ቆሟል። ሁሉም እኔን ያያሉ።

ቦታ እንደያዙልኝ ሁሉ፣ በእጃቸው ቀስ ብለው ሰላም አሉኝ።