የመስኮቱ ሥር ፊኛ

«ዶክተር ልጄ፣ እስቲ ደብተርሽን ስጪኝ!» አለች እናቷ፣ አንድ እግሯን ቦት ጫማ ውስጥ እየከተተች። «አለቃችን ዛሬ በዓይናቸው ሊያዩት ነው።»

ልጅቷ ዳቦዋን ማኘክ አቆመች። «የምኑን ደብተር?»

«የጠርሙሶቹን ነዋ!»

እናቷ የቀለም ፋብሪካ ቆሻሻ ውሃ በሚጣራበት ክፍል ትሠራለች። ቲነር የተቀላቀለውን ውሃ አየር በማይገባበት ታንከር ውስጥ የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ቲነሩን በልተው ጋዝ ያወጣሉ። እሷ «ልጆቼ» ነው የምትላቸው። ልጅቷ ለሳይንስ ክበብ ከዚያው ታንከር ሁለት ጠርሙስ አስሞልታ አፋቸው ላይ ፊኛ አሰረች። አንዱን ሠላሳ አምስት ዲግሪ በሞቀ ሳፋ፣ ሌላውን ሃያ ዲግሪ በሆነው መስኮት ሥር አስቀመጠች።

የሳፋው ፊኛ አበጠ። የመስኮቱ ግን አሥር ቀን ሙሉ እንደተልፈሰፈሰ ነበር። የክፍሏ ልጆች ሙድ እንዳይዙባት ፈርታ፣ ማንም ሳያያት እሱንም ሳፋው ውስጥ ከተተችው። ደብተሯ ላይ ግን «ሃያ ዲግሪ» የሚለውን አልነካችውም። ሲያብጥ አሳየች፤ ተጨበጨበላት።

«በሃያ ዲግሪም ከሠሩማ የታንከሩን ማሞቂያ ዛሬውኑ ቀንሺው አሉኝ» ቀጠለች እናቷ፣ ፊቷ በርቶ። «እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት ልጆቼ ብርድ አይችሉም ስል! ለካ ተሳስቼ ነው። የወለድኳት አስተማረችኝ።»

ልጅቷን እስከ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት። እናቷ አልተሳሳተችም። ባክቴሪያዎቹ በርዷቸው ሥራ ካቆሙ ቲነሩ እንዳለ ወንዝ ይገባል፤ የምትጠየቀውም ማሞቂያውን በእጇ የቀነሰችው እናቷ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይበልጥ ያሳፈራት ደግሞ የተልፈሰፈሰው ፊኛ ራሱ ትክክለኛ መልስ መሆኑ ነው።

«ምነው ፈዘዝሽ? ሰርቪሱ ያመልጠኛል እኮ!»

«ጠፋብኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ተነሥታ ደብተሩን አመጣች። «ሃያ»ውን በእስክሪብቶ ሰርዛ «ሠላሳ አምስት» ጻፈችበትና ለእናቷ ዘረጋችላት።

«ሁለቱም ያበጡት ሳፋው ውስጥ ነው፣ እማ። የመስኮቱንም እኔ ነኝ የከተትኩት።»

እናቷ ገጹን ረጅም ጊዜ አየችው። በፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ ልጅቷ ቆማ አየች።

«ለአለቃችን ምን ልበላቸው?»

ውጭ ሰርቪሱ ጡሩምባውን ነፋ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን ቦት ጫማ አነሣችና ለእናቷ አቀበለቻት።

«አብሬሽ እመጣለሁ» አለች። «እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»