አንቺም አልዘገየሽም

«አባዬ! ምን ሆንክ?»

አባቷ ጓሮው በር ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣብቋል። እግሩ ሥር ወፍራም ጣውላ ተጋድሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምንም አልሆንኩም፣ ቀጮ። ጎረቤት እንዳትሰበስቢ።»

ቦርሳዋን ጥላ አጠገቡ ተንበረከከች። አባቷ የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና አምስት ሳምንቱ ነው። የደረቱ አጥንት ተከፍቶ በሽቦ ስለታሰረ፣ ሦስት ወር እስኪሞላው ከሁለት ሊትር ውሃ የከበደ ነገር እንዳያነሳ ተነግሮታል። ሃያ ዓመት ቁም ሳጥን ሲሸከም ለኖረ አናጢ ደግሞ ክልከላው ከበሽታው ብሷል።

«ዝናብ ሊመታው ሆነ። አንቺን ብጠብቅ፣ ብጠብቅ...» አለና በአገጩ ወደ ጣውላው ጠቆመ።

ቀጮ አንገቷን ደፋች። እናቷ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ፀጉር ቤቷ ስትሄድ፣ እሷ ዘጠኝ ተኩል ላይ ቤት መገኘት ነበረባት። አሁን አሥራ አንድ ሆኗል። አምስት ሳምንት ሙሉ ከመረብ ኳስ ልምምድ ቀርታ፣ ዛሬ ጓደኞቿ «ኧረ አታካብጂ! ትንሽ ብቻ!» ብለው አስቀሯት።

አባቷ ትንፋሹ ሲመለስለት ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በቃ እንስማማ። አንቺም አልዘገየሽም፣ እኔም ጣውላ አላነሳሁም። እናትሽ ስንቱን ትቻለው?»

እውነቱን ነበር። እናቷ በደህና ከተኛች ሰንብታለች። ባለፈው ሳምንት የደንበኛ ፀጉር እያጠበች እንቅልፍ ወስዷት፣ ሴትዮዋን በውሃ አርሳት ነበር። ቀጮ «እሺ» አለች።

ግን አባቷ በማግስቱም ሲያስለው ጥርሱን ይነክስ ነበር። ከአልጋ ሲነሳም እናቷ ዞር እስክትል ይጠብቃል።

ሐሙስ ሦስቱም ለቀጠሮ ሄዱ። ሐኪሟ የቁስሉን ጠባሳ አይታ፣ «ከባድ ነገር አንስተዋል?» ስትል ጠየቀችው።

«እኔ? ማንኪያም የማነሳው አስፈቅጄ ነው፣ ዶክተር!»

እናቷ ሳቀች። አባቷ ቀጮን በዓይኑ ጠቀሳት። እሷ ግን አልሳቀችም።

«አንስቷል» አለች። «ማክሰኞ፣ ጣውላ። እኔ ዘግይቼ ነው።»

ሐኪሟ የአባቷን ደረት በጣቷ እየነካካች ካየች በኋላ ወደ ራጅ ላከችው።

ኮሪደሩ ላይ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«የት ነበርሽ?»

«ኳስ... እማዬ፣ ይቅርታ።»

«እኔም» አለች እናቷ፣ «አንዳንዴ ሥራ ካለቀ በኋላ ፀጉር ቤት ቁጭ እላለሁ። በሩን ዘግቼ። ዝም ብዬ።»

ቀጮ እጇን ያዘቻት።

ሐኪሟ ራጁን ይዛ ስትመጣ አባቷ እንደተቀጣ ተማሪ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። «አጥንቱ ፍንክች አላለም። በደንብ እየገጠመ ነው። ያመማቸው ጡንቻቸው ነው፤ ያልፋል። ድጋሚ ግን እንዳይሞክሩት!»

እናቷ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባት። ባሏን ትከሻው ላይ ልትመታው እጇን አነሳችና መሃል ላይ ተወችው። «ቆይ ብቻ፣ ሦስት ወር ይሙላህ!»

ሐኪሟ ሳይቀር ሳቀች።

ታክሲው ገና ሳይንቀሳቀስ እናቷ ቀጮ ትከሻ ላይ ተኛች። አባቷ ከፊት ወንበር ዞሮ የተኛችውን ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አያት። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ታላቅ እኅቱ «ከሰዓት ከሰዓት እኔ ልምጣ» ስትለው፣ «እኛው እንበቃለን» እያለ ሲመልሳት ነበር የከረመው። ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ሄሎ፣ እትዬ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያልሽኝ ነገር... አሁንም ይቻላል?»

ቀጮ ትከሻዋ ደንዝዟል። ቤት እስኪደርሱ ግን ንቅንቅ አላለችም።