የከበበው ወንበር

ከበበው በመኪና መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የሽፈራው ቅጠል ሻይ የነበረበት ብርጭቆ ወድቋል።

ኢንስፔክተር ሁቃ ሲደርስ የሟቹ ታናሽ ወንድም ቀመር ወንበሩን ቀና አድርጎ ሊቀመጥበት ሲል አገኘው።

«ኡሲካዬ ሃፖ» አለው ሁቃ በስዋሂሊ።

«ንዲዮ፣ ንዲዮ!» ብሎ ቀመር ራሱን በአዎንታ እየነቀነቀ ተቀመጠ።

ሁቃ ነገሩን ልብ አለ። ቀመር ስዋሂሊ አሳምሮ ይችላል ይባላል፤ ባዩ ራሱ ቀመር ነው።

«መርዛው ነው!» አለ ቀመር ወደ አማርኛው ተመልሶ፣ የሟቹን ሚስት ብዙወርቅን እየጠቆመ። «ቅጠሉን ያጠጣችው እሷ ናት። እሰራት!»

ሁቃ ቀመርን፣ ብዙወርቅንና በሩ ላይ የቆመውን ጎረቤት በየተራ ጨበጠ። በዚያ በሞያሌ ሙቀት የሁሉም እጅ ቀዝቅዟል።

«ትናንት ከሱ ጋር ተጨቃጭቀናል» አለ ጎረቤታቸው ጅሎ አቀርቅሮ። «መኪና በሩ ላይ አቁሜበት። ወላሂ፣ እኔ ነኝ ያናደድኩት።»

ብዙወርቅ እንባዋን ጠረገች። «ደም ብዛት ነበረበት። ከትናንት ወዲያ ድንበር ማዶ ያለው የኬንያ ዶክተር ኪኒኑን ተው አለው ተባልኩና ጣልኩት፤ በገዛ እጄ! በማግስቱ ራሱን ሲፈልጠው ቅጠሉን አፈላሁለት።»

«ተው ማለቱን ማን ነገረሽ?»

«ቀመር። ከበበው ስዋሂሊ ስለማይሰማ አስተርጓሚው እሱ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ፣ አስከሬኑ ከተመረመረና ሁቃም ዶክተሩን በሞባይል ካነጋገረ በኋላ፣ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበ።

«መርዝ የለም» አለ። «ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቷል። ጧት እጃችሁ ለምን ቀዘቀዘ? ሰው ሲጨነቅ ሲምፓቴቲክ የሚባለው ነርቭ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ልብን ያስሮጣል፤ የደም ግፊቱ ይጨምራል። የከበበው ኪኒን ይህን ነርቭ አደብ የሚያስገዛ ነበር። በአንዴ ሲቋረጥ ነርቩ ከበፊቱ ብሶበት ይነሣል። ጅሎ፣ ጭቅጭቅህ ብቻውን አይገድልም። ቅጠሉም አልገደለውም።»

«ታዲያ ዶክተሩ ለምን አስቆመው?» አለች ብዙወርቅ።

«አላስቆመም። ‹ኡሲያቼ› ነው ያለው። ‹አቻ› ተው ማለት ነው፤ ‹ኡሲያቼ› ግን አትተው።» ሁቃ ወደ ቀመር ዞረ። «አውቀህ ዋሽተህ ቢሆን ነፍሰ ገዳይ ነበርክ። ግን ጧት ‹ኡሲካዬ ሃፖ› አልኩህ። እዚያ አትቀመጥ ማለት ነው። ተቀመጥክ። ቋንቋውን አትችልም።»

ቀመር አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ነበር። ዶክተሩ ቃሉን ደጋግሞለት ነበር፤ እሱም ደጋግሞ ንዲዮ ብሎ ነበር። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ያ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። ብዙወርቅን የከሰሰውም ድምፁን ላለመስማት ነው።

«አልገባኝም ብትል ምን ነበረበት?» አለችው። «ጅሎ እኮ ስዋሂሊ ያውቃል፤ አጥሩን ተሻግሬ እጠይቀው ነበር።»

ቀመር ከወንበሩ ተነሣ።

«አልገባኝም ነበር» አለ።