ጓንጉል የሰጠው አደራ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ፋኖሱን ቀንሱት። አንተ ጥግ ያለኸው፣ ሳቅህን ዋጠው።

ድሮ ነው። ሰዓቱ ውሻ እንኳ መጮህ የሚሰለቸው ሰዓት። ጓንጉል የሚባል ዘበኛ በባሕር ዛፉ መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ብቻውን ይሄዳል። ወዴት? ወደ አረቄ ቤት! ሌላ ወዴት ይሄዳል?

የሚጠብቀው ሙዚየም ነበር። አንድ ሀብታም ነጋዴ ከቻይና ሸክላ፣ ከህንድ ባለ ብዙ እጅ የነሐስ ምስል እያግበሰበሰ ሞልቶት የሞተ ቤት። በሩ ላይ ከጃፓን ቤተ መቅደስ የመጣ የእንጨት ዘበኛ ቆሟል፤ ዓይኑ የፈጠጠ፣ በእጁ ዱላ። ኃላፊው ጓንጉልን፣ «አንድ ቀን ከበሩ ባጣህ እንጀራህ ተቆረጠ!» ብለውታል። ጓንጉል ምን አደረገ? ማታ ማታ የእንጨቱን ሰውዬ ትከሻ ቸብ እያደረገ፣ «ወንድሜ፣ መጣሁ፤ ቤቱን አደራ!» ብሎ ይወጣል።

በአደራ ይቀለዳል? አይቀለድም! አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ጓንጉል ግን እንጨት ምን ይሰማል አለ።

ያን ሌሊት ሞቅ ብሎት ሲመለስ፣ ከፊቱ ከጨለማው ውስጥ ቋ! አለ። ቆመ። ጸጥ። ተራመደ። ቋ! ቋ!

«ማነህ? ሰው ነህ ጋኔን?»

ጨረቃ ብቅ ስትል መንገዱ ላይ ጥላ ተጋደመ። ጥላው ዱላ ይዟል። ቀና ሲል፣ ያ የፈጠጠ ዓይን!

«ጓንጉል፣» አለ እንጨቱ፣ «ስንት ሌሊት ቤቱን ጠበቅሁልህ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ፣» አለ ጓንጉል። ስካሩ ብን ብሎ ጠፋ።

«እኔም ጉሮሮ አለኝ። ዛሬ ተራው የኔ ነው። ቦታዬን አደራ።»

ምን ይበል? እምቢ እንዳይል ዱላው አለ! «እ... እሺ፣» አለ።

እሺ ያለበት ምላስ ደረቀ። ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። እግሩ ብቻውን እየጎተተ ወስዶ በሩ ላይ ገተረው። እንጨቱ ሰውዬ የጓንጉልን ካፖርት ደርቦ ወደ አረቄ ቤት ወረደ። በዚያው ቀረ። ማን ይመለሳል?

ጠዋት ኃላፊው መጡ። እንጨቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ድንቅ ነው! ፍርሃቱን እንዴት አድርገው ቀርጸውታል!» አሉ። ጓንጉል በልቡ «ኧረ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ማን ይስማው? ደረቱ ላይ «ዘበኛ፣ የጃፓን እንጨት» የሚል ወረቀት ለጠፉበት። ጓንጉልንም ከበሩ ስላጡት በዚያው ቀን አባረሩት፤ እዚያው ፊታቸው ተገትሮ!

ዛሬም ቆሟል። ብቻውን ለሚያልፍ ሰው በዚያ ደረቅ አፉ «አደራ... አደራ...» ይላል። እሺ የሚለው ካገኘ እሱ ይፈታል፣ ያኛው ይደርቃል። እና ልጆቼ፣ በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም አፋችሁን ዘግታችሁ እለፉ። አደራ!

...ማነው «እሺ» ያለው?