ደመና ዛሬ አልተወዛወዘም

«ቆመ! አክስቴ፣ ቆመ እኮ!»

ልጅቷ ከጋጣው ወደ አክስቷ ቤተ ሙከራ ስትሮጥ አንዱ ቦት ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀረ። አልተመለሰችለትም። ደመና፣ ያ ጋጣው ሲዘጋበት አንገቱን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ የሚውለው ግራጫ ፈረስ፣ ዛሬ ጠዋት ዝም ብሎ ድርቆሹን ሲያኝክ ነበር።

አክስቷ የእንስሳት ሐኪም ናት። ክረምቱን ሙሉ የያዘቻት አንዲት ጥያቄ ናት፦ በፈረስ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጭንቀቱን ያቀልሉለት ይሆን? «ሆድና አንጎል ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሲያወሩ ነው የሚውሉት» ትላለች። ለደመናና ለጥቂት ፈረሶች ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት ከመኖው ጋር ይቀላቀልላቸዋል፤ ለሌሎቹ ደግሞ ለማነጻጸር ተራ ዱቄት። ከዚያ ውጪ ምንም ማቅመስ ክልክል ነው።

አክስቷ መጥታ አየች። ማዳመጫውን ከደመና ሆድ ላይ አሳርፋ ለልጅቷ ሰጠቻት። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ፣ ቀጥሎ ውሃ ከጠርሙስ እንደሚንቆረቆር ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ጤነኛ ሆድ እንዲህ ነው የሚያወራው» አለችና ከት ብላ ሳቀች። የአክስቷ ባል ካረፈ ወዲህ ልጅቷ ይህን ሳቅ ሰምታው አታውቅም። «ለባልደረቦቼ ልደውል!» አክስቷ እየተጣደፈች ወጣች።

ልጅቷ ጮቤ ልትረግጥ ስትል ከድርቆሹ ክምር ጀርባ የክፍል ጓደኛዋ ብቅ አለች። አፏ ስለማያርፍ «ጥይት» ይሏታል። አሁን ግን ዝም ብላለች። ደመና ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አፍንጫውን ወደ ጃኬቷ ኪስ ሰደደ።

«ምን ይዘሻል?»

«ምንም።»

ፈረሱ ኪሷን ጎተት ሲያደርገው የተገመጠ ካሮት ዱብ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ሳምንት። ጠዋት ጠዋት፣ አንቺ ሳትመጪ። እያበላሁ አወራዋለሁ። ብቻውን ሲወዛወዝ አሳዘነኝ በቃ!»

«አብደሻል? ታዲያ ያረጋጋው ዱቄቱ ይሁን ካሮትሽ ወይ ወሬሽ፣ በምን ይታወቃል?»

«ወሬዬ? የኔ ወሬ የሒሳብ አስተማሪያችንን መቼ አረጋጋ!»

ልጅቷ አልሳቀችም።

«ስሚ» አለች ጥይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ሆድ ይፍጀው። አክስትሽ ሁለታችንንም ነው የምታባርረን። ደግሞ አየሻት አይደል፣ እንዴት ደስ እንዳላት?»

አይታታለች። የከበዳትም እሱ ነው።

በቤተ ሙከራው መስኮት አክስቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወዲህ ወዲያ ስትል ትታያለች። የደወለችለት ሰው ገና አላነሳም። ልጅቷ ካሮቱን አነሳች። ከጎረቤት ጋጣ፣ ተራ ዱቄት የሚበላው ዳማ ፈረስ አንገቱን ሲያወዛውዝ እንጨቱ ይንቋቋል። እሱን የሚያወራው የለም። አንድ ነገር ብልጭ አለላት።

«ዳማውንስ ብታወሪው? ያለ ካሮት። ወሬ ብቻ።»

«ያን ተናካሽ?» የጥይት ዓይን ፈጠጠ። «እንደ... እንደ ሌላ ጥናት?»

«እሷ ከፈቀደች። መጀመሪያ ግን ይሄኛው ይነገራታል።»

በአንድ ቦት ጫማና በአንድ ካልሲ ጭቃውን አቋርጣ ሮጠች። ከኋላዋ ጥይት «ቆይ፣ ጠብቂኝ!» እያለች ተከተለቻት።

«አክስቴ፣ ስልኩን ዝጊው!»

አክስቷ ዞረች። ሳቁ ገና ፊቷ ላይ ነበር። ልጅቷ የተገመጠውን ካሮት ዘረጋችላት።