በሰርቨር ክፍሉ በር ማዶ

አለቃው የሞተው በገዛ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍቶ ነው። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ እሳት በሌለበት ተለቆ አየር አሳጥቶታል፤ በሩም በኔትወርክ በመጣ ትእዛዝ ተቆልፏል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ እጆቹን አየች። የጣቶቹ አንጓ ተልጧል። በሩን ሲደበድብ እንደነበር ገባት።

ቢሮው የአራት ሰው ነበር። ሥራቸው በኔትወርክ የሚያልፉ ፓኬቶችን፣ ማለትም የመረጃ ጥቅሎችን፣ የሚቀልብ ላይብረሪ የሚሉትን ፕሮግራም መጻፍ፣ ከዚያም በየዓይነቱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በሊኑክስም በዊንዶውስም፣ ላይ እኩል እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ መቅለቡን «ማዳመጥ» ይሉታል። ይህ የማሻገር ሥራ የተሰጠው ቀጮ ለሚሉት ፕሮግራመር ሲሆን፣ እሱ ራሱ ግን ከሊኑክስ ፍንክች አይልም። የሟቹ ታናሽ እህት በዊንዶውስ ትሠራለች። የሁሉንም ሥራ የምትሞክረው ፈታሿ ደግሞ «ምን ይታወቃል» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላታል፤ ከአፏ ስለማይጠፋ።

ማስረጃው ቀጮ ያቀረበው፣ የተቀለቡ ፓኬቶች ያሉበት አንድ ፋይል ነው። በሩን ቆልፎ ጋዙን የለቀቀው ትእዛዝ ከእህቲቱ ማሽን ሲወጣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፖሊሶቹ ካቴና ይዘው የመርማሪዋን ቃል ይጠብቃሉ።

«ያሳደገኝ እሱ ነው!» አለች እህቲቱ። «እናታችን ገና አልሰማችም። ሁለት ልጅ ባንድ ቀን ልታጣ ነው እኮ!»

«የት ነበርሽ?»

«ምሳ ወጥቼ። ብቻዬን ነበርኩ።»

መርማሪዋ ወደ ማሽኗ አመልክታ «እስቲ ይሄ ማዳመጥ የምትሉትን አሳዪኝ» አለቻት።

እህቲቱ ማሽኗን ከፈተች። የኔትወርክ ካርዶች ስም ተደረደረ።

«አንዱን ካልመረጡለት ወይ ፍንክች» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ፈታሿ ቃሏን ስትሰጥ ዓይኗ ከበሩ አይነሳም።

«አለቃችንንና ቀጮን ያጋጨኋቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ቀጮ ወደ ዊንዶውስ አሻግሬ ጨርሻለሁ ብሎ ለደንበኞች አስነግሮ ነበር። ብሞክረው ባዶ! ‹ተሳክቷል› ይላል እንጂ አንድ ፓኬት አይዝም። ለአለቃችን ነገርኩት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ቀጮን ጠርቶ ለደንበኞቹ ዛሬውኑ አሳውቃለሁ አለው። ይጨክንበት ነበር? ምን ይታወቃል!»

ቀጮ ግን ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይቀድማል። ይህ መርማሪዋን አልጣማትም።

«ፋይሉን እንዴት አገኘኸው?»

«ጠዋት ጉድለቱን አርሜ፣ ለሙከራ ብዬ በእሷ ማሽን ላይ ማዳመጫውን ከፍቼ ትቼው ነበር። ምሳ በልቼ ስመለስ ትእዛዙን ቀልቦት አገኘሁ።»

«የትኛውን ካርድ መርጠህ?»

ቀጮ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ፈገግ አለ። «ለምን እመርጣለሁ? ‹ሁሉንም› ነዋ የምለው! ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ሁሉም በስብሰባው ክፍል ተሰበሰቡ። የእህቲቱ ማሽን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ቀጮ፣ ጠዋት እንዳደረግከው አድርግልኝ» አለች መርማሪዋ። «‹ሁሉንም› በልልኝ።»

ተቀመጠ። ካርዶቹን ከላይ እስከ ታች አየ፤ እንደገና ከታች ወደ ላይ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«‹ሁሉንም› የሚል የለም አይደል? ሊኑክስ ላይ እንጂ እዚህ የለም። እህቲቱም ፈታሿም ያውቁታል። የማያውቀው፣ ወደ ዊንዶውስ አሻግሬያለሁ ብሎ አንድ ቀን እንኳን በዊንዶውስ ያልሠራ ሰው ብቻ ነው።»

«ተሳስቼ ይሆናል፤ አንዱን ካርድ መርጬ…»

«ፋይሉ እንደዚያ አይልም። በ‹ሁሉንም› የተቀለበ ፓኬት ከፊቱ የተለየ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ያመጣኸው ፋይል ሙሉ በሙሉ ይህ ምልክት አለበት። ፈታሿ አሳይታኛለች። ትእዛዙን ከራስህ ማሽን ላክህ፣ እዚያው ቀለብከው፣ የላኪውን አድራሻ በእሷ ቀየርከው። አለቃህ ውሸትህን እንዳያወጣብህ ነው።»

ቀጮ አንገቱን ደፋ። «ስሜን ሊያጠፋው ነበር» አለ።

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ እሱ ዞረ። እህቲቱ ብድግ ብላ መንገዱን ዘጋችው።

«ሲያንኳኳ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ይል ነበር?»

ቀጮ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አንቺን ነበር የሚጠራው። ምሳ መውጣትሽን አላወቀም።»